ዘይነባ ድምፅ የሰጠችበት ቀን

ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው ደግሞ «እሺ፣ መጨረሻው ምን ሆነ?» ይለኛል። ይህን የሚለኝ ጨርሼ ከነገርኩት በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከመነሻው በጽሑፍ ላስቀምጠውና እናንተው ፍረዱኝ።

ያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። ሆቴል ስላልኩት ፎቅ እንዳይመስላችሁ። በደሴ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ሙቀቱ እስኪበርድ ጋደም የሚሉበት የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው እንዳይረግፍ ባለቤቷ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ለጥፋበት ነበር። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት መኪና በር ላይ ከተጻፈ ጽሑፍና ከዚያ ግድግዳ ነው። በአንደኛው ክፍል ጋዜጣው ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ፣ ዝቅዝቅ ጽሑፍም እንደ ቀናው አነባለሁ። ይህ ልማድ ዛሬም አለቀቀኝም።

በዚያ በተዘቀዘቀው ገጽ ላይ ነው ስለ እንግሊዝ አገር ሴቶች ያነበብኩት። ሴቶቹ ድምፅ ይሰጠን ብለው አደባባይ ወጡ፣ ታሰሩ፣ እስር ቤት ውስጥም እህል አንቀምስም አሉ ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ክፍል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ተደርቦ ተለጥፎበታል። ስለዚህ የፈለጉትን አግኝተው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግራ ያጋባኝ ግን ቃሉ ነው። ድምፅ የሌለው ሰው «ድምፅ ይሰጠን» ብሎ እንዴት ይጮኻል? አልጋ ባነጠፍኩ ቁጥር ይህን አስብ ነበር። የሚጠየቅ ሰው አልነበረም፤ ሾፌሮቹ ስለ ጎማ እንጂ ስለ ግድግዳ አያወሩም።

ሕዝቡ እንደራሴውን ራሱ መርጦ ወደ ፓርላማ ይላክ የተባለው በዚያው ዘመን ነው። ወንድም ሴትም፣ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሁሉ ይመርጣል ተብሎ ታወጀ። የእጅ ጽሕፈቴን ያየ አንድ የሆቴሉ ደንበኛ ለሹሞቹ ነግሮ ኖሮ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ቁርቁራ ሜዳ በምትባል የቆላ መንደር የምርጫ ጸሐፊ እንድሆን ጠሩኝ። እኔ ራሴ ዕድሜዬ ስላልደረሰ መምረጥ አልችልም። ለሌላው ግን መጻፍ እችላለሁ ተባለ። ይህም ግራ አጋብቶኝ ነበር፤ ሆኖም ዝም ብዬ ሄድኩ።

የጣቢያው ኃላፊ ከደብረ ሲና የመጡ አቶ ደምሴ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ደጋ የለመደ ሰውነታቸው ቆላውን አልቻለውም፤ ቀኑን ሙሉ የረጠበ ፎጣ በራሳቸው ላይ ጥለው ይውላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሕግ ግን በጣም ይፈራሉ። ሥራችንን ስንጀምር አማሉኝ። ማን ማንን እንደመረጠ ለማንም እንዳልናገር፣ ደግሞም በድምፅ መስጫው ውስጥ የተወዳዳሪዎቹ ስም ከእኔ አፍ እንዳይወጣ። የኋለኛው ምክንያት ነበረው። ወረቀቱ ላይ የሚመረጠው ሰው ስም ይጻፋል። መጻፍ የማይችለው ስሙን በጆሮዬ ይነግረኝና እኔ እጽፍለታለሁ። እኔ ቀድሜ ስም ከጠራሁ አግባብቻለሁ ማለት ነው።

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ግራዝማች ይመር የሚባሉ የአገሩ ባላባት፣ ሁለተኛው አቶ ታደለ የሚባል የሸዋ ሮቢት ነጋዴ፤ ቀይ የጭነት መኪና አለው።

በምዝገባው ቀን ወንዶቹ ተራ በተራ እየመጡ ተመዘገቡ። ሴቶቹ ግን ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ያዩናል፣ አንዷም አትመጣም። በመጨረሻ እማማ ሎሚ የሚባሉ አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና ስማቸውን አስጻፉ። ከኋላቸው አንድ ወንድ፣ «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ለምርጫ?» ብሎ ሲያሾፍባቸው ዞር ብለው አዩት።

«እኔ ልጃገረድ ሳለሁ በዚህ አገር ላይ የነገሠችው ሴት ነበረች» አሉት። «አባትህ ገበያ ላይ ሲከራከር ‹ንግሥቲቱ ትሙት› እያለ ይምል ነበር። በሴት ስም ሲምል አፉ አልተጣመመም። እኔ ሰው ብመርጥ ያንተ አፍ ለምን ይጣመማል?»

ሰዉ ሳቀ። በሳቁ መካከል ከሴቶቹ አንዷ ብድግ ብላ መጣች። ዘይነባ ትባላለች። ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ጉፍታዋን እስከ ግንባሯ ያወረደች ሴት ነች። ለመመዝገብ አልነበረም የመጣችው፣ ለመጠየቅ ነው። ይሄ ድምፅ የምትሉት ምንድን ነው አለችኝ። ወረቀት ነው አልኳት። ወረቀት ድምፅ አለው እንዴ አለች። ግድግዳው ላይ ያነበብኩትን የእንግሊዝ አገር ሴቶች ነገር እንዳለ ነገርኳት። 

«ታስረው ጦሙ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ከዚያስ? አገኙት?»

«አላውቅም። ከዚያ በታች ሳሙና ተለጥፎበታል።»

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ተወችው። «ሰው እህል የተወበት ነገርማ ከንቱ አይሆንም» አለች። «ጻፈኝ።»

ጻፍኳት። የባል ስም ማስፈር ግዴታ ስለነበር ባሏ ማን እንደሚባል ጠየቅኋት። ዝም አለች። እማማ ሎሚ ከጎን ሆነው፣ «የባሏን ስም አትጠራም፣ አታውቅም እንዴ ያገሩን ወግ? ይመር ነው ብለህ ጻፍ» አሉኝ። እውነትም በዚያ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ «የልጆቼ አባት» ነው የምትለው። የባሏ ስም ከግራዝማቹ ስም ጋር አንድ መሆኑን ያን ጊዜ ልብ ብዬ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ በአእምሮዬ ያዝኩት።

ቀጥሎ የምነግራችሁን እኔ የሰማሁት በኋላ ነው። እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት፣ አለዚያ እንደ እኔ ግራ ትጋባላችሁ።

ይመር፣ ማለትም የዘይነባ ባል፣ ማሽላና ማሾ የሚያመርት፣ የተከበረ፣ ትንሽ ችኩል ሰው ነበር። ሸዋ ሮቢት ገበያ ይመላለሳል፤ ስለዚህ ምርጫ ምን እንደሆነ ለመንደሩ ሲያስረዳ የከረመው እሱ ነው። በዚያ ማታ ሚስቱ ተመዝግቤያለሁ ስትለው ተቆጣ። ሌላ ሌላውን ተወውና አንዲቷን ቃል ያዘ፦ ድምፅ። የሴት ድምፅ ለባዕድ ወንድ አይገባም አለ። እሷ ድምፅ የሚባለው ወረቀት ነው፣ ጸሐፊው ነግሮኛል ብትለው፣ ወረቀት ድምፅ የለውም፣ አትቀልጂብኝ አላት። ነገሩ ጦፈና ጎረቤት እየሰማ ማለ፦

«ወላሂ፣ ድምፅሽን ለባዕድ ወንድ የሰጠሽ ቀን በሦስት ጠላቅ ፈት ነሽ!»

ጠላቅ የፍቺ ቃል ነው። በሦስት ከተባለ መመለሻ የለውም። መሐላው በእሷ ድርጊት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ያደረገችው ዕለት ባል ቢጸጸትም ባይጸጸትም የጋብቻ ውሉ፣ ኒካው፣ ይፈርሳል፣ እሷም ልጆቿንና ቤቷን ትታ ወደ አባቷ አገር ወደ ማጀቴ ትሄዳለች። ሰዎች እንደነገሩኝ ይመር ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ፊቱ ተለወጠ። ግን ጎረቤት ሰምቷል።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ጠዋት ላይ የአቶ ታደለ ቀይ መኪና ከወንዙ ማዶ ከሩቅ መንደሮች ሴቶችና ሽማግሌዎች ጭና መጣች፤ ከቁርቁራው ዛፍ አጠገብ ቆመች። አቶ ደምሴ ይህ ማግባባት ይሁን አይሁን ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩና ሕጉ ስለ መኪና ምንም አይልም ብለው ተዉት።

ድምፅ መስጫው በሁለት የግራር ቋሚ ላይ የተወጠረ ሰሌን ነበር። ከሰሌኑ ጀርባ እኔ ሳጥን ላይ ተቀምጫለሁ። ሰሌኑ በስተቀኝ በኩል ትንሽ ተተርትሮ ስለነበር ውጭው በዚያ ይታያል። ይህን ቀዳዳ ጠዋት አይቼዋለሁ፤ መርፌ ቢኖረኝ እሰፋው ነበር። መርፌ አልነበረኝም።

ሰዎች እየገቡ ስም ያንሾካሽኩልኛል፣ እጽፋለሁ፣ አጥፈው የድምፅ መስጫ ሳጥኑ ውስጥ ይከታሉ። እማማ ሎሚ ሹክሹክታ ስለማያውቁ የመረጡትን ሰው መንደሩ ሁሉ ሰማው። ከዚያ ዘይነባ ገባች። ጉፍታዋን ወደ አፏ ስባ በጥርሷ ይዛዋለች። ማንን ትመርጫለሽ አልኳት። ዝም። ደግሜ ጠየቅኋት፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አይሆንም እንደማለት። ታመሻል ወይ አልኳት፤ አይደለም። ተናገሪና ልጻፍልሽ አልኳት፤ እጇን በአፏ ላይ አደረገች።

እንግዲህ ሁኔታችንን ተመልከቱት። እሷ ስም እንዳትናገር በባሏ መሐላ ተይዛለች፤ ይህን እኔ አላውቅም። እኔ ስም እንዳልጠራ በአቶ ደምሴ መሐላ ተይዣለሁ፤ ይህን እሷ አታውቅም። ከውጭ አቶ ደምሴ፣ «ምን ያቆያችኋል?» እያሉ ይጠራሉ።

በዚህ ጊዜ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣችና በተተረተረው ሰሌን በኩል ወደ ውጭ ጠቆመች። ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። ባሏ ይመር ዱላውን ትከሻው ላይ ጋደም አድርጎ፣ ሁለት እጁን በዱላው ላይ ሰቅሎ፣ ወደ እኛ እያየ ቆሟል።

ደስ አለኝ። ወጉን አውቃለሁ ብዬ ደስ አለኝ። የባሏን ስም አትጠራም፤ የምትመርጠውም የባሏ ሞክሼ ግራዝማች ይመር ናቸው፤ ስለዚህ ባሏን አሳየችኝ። እኔም እርግጠኛ ለመሆን በዚያው አቅጣጫ ጣቴን ዘርግቼ፣ «እሱን?» አልኳት። ጭንቅላቷን ከፍ ዝቅ አደረገች። ይመር ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈች፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፣ ወጣች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ጥቂት እንደቆየ ከውጭ ጫጫታ ሰማሁ። ጎረቤቶቿ፣ መሐላውን የሰሙት፣ ሰጠሽ ወይ ብለው ጠይቀዋት ሰጥቻለሁ እንደማለት ራሷን ከፍ ዝቅ አደረገችላቸው። «ጠላቁ ወደቀ» አለ አንዱ። ሌላው ደገመው። ቃሉ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ እኔ ከሰሌኑ ጀርባ ሆኜ ምን እንደወደቀ አላውቅም፤ ሳጥኑ የወደቀ መስሎኝ ዘልዬ ወጣሁ።

ይመር እዚያው ቆሟል፤ ዱላው ግን መሬት ላይ ነው።

ሸህ ሰይድ ተጠሩ። የመንደሩን ኒካ የሚያስሩት እሳቸው ናቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። ተሲያት ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሁሉም ከቁርቁራው ሥር ተቀመጠ። ምርጫው አልቆ ስለነበር መኪናዋም ሰዎቿን ይዛ ለመመለስ ነገሩ እስኪያልቅ ትጠብቃለች፤ ማንም ሳይሰማ መሄድ አልፈለገም። ሸሁ የመሐላውን ቃል ከጎረቤቶች አንድ በአንድ ሰሙ። ከዚያ እኔን አስጠሩ።

አቶ ደምሴ ፎጣቸውን ከራሳቸው አውርደው ተነሡ። የምርጫ ምስጢር ነው፣ ጸሐፊው መናገር አይችልም አሉ። ሸሁ ለማን እንደሰጠች አልጠየቅሁም አሏቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይቺ ሴት እዚያ ውስጥ ድምፅ ሰጥታለች?»

«አዎ፣ ሸሆቼ።»

«ድምጿን ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«ሳይሰማ የተሰጠ ድምፅ ምን ዓይነት ነው?»

 «ድምፅ አላወጣችም፣ ድምፅ ግን ሰጥታለች» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ሸሁ አልሳቁም፤ ከሁለቱ አንዱን ያዝ አሉኝ። ሁለቱም እውነት ነው አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ እኔም ምን እያልኩ እንደሆነ አላውቅም።

ሸሁም፣ ከአፏ ድምፅ ካልወጣ የሰጠችው ነገር የለም፤ ስለዚህ ቤቷ ትግባ አሉ። ሰዉ እፎይ አለ። ይመር ጎንበስ ብሎ ዱላውን አነሣ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። አቶ ደምሴ ግን ሕግ የሚፈሩ ሰው መሆናቸውን ነግሬያችኋለሁ። መዝገቡን ገለጡ።

«እንግዲያው ድምፅ አልሰጠችም ካላችሁ» አሉ፣ «ከመራጮቹ መካከል ስሟን እሰርዛለሁ። ሰጥታለች አልሰጠችም ብዬ ሁለት ነገር መጻፍ አልችልም።»

ሸሁ ወደ ሴቶቹ ወገን ተመለከቱ። «ሰምተሻል ልጄ። አልሰጠሁም በይና ግቢ።»

ዘይነባ ተነሣች። ጉፍታዋን ከአፏ ለቀቀችው። ስትናገር የሰማኋት ከምዝገባው ቀን በኋላ ያኔ ነው፤ ድምጿ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ሸሆቼ፣ የጠየቀኝ ፈራጅ፣ ቃዲ ነውና ድምፄን ባሰማ ሐራም አይሆንብኝም። ሰጥቻለሁ።»

«ቤትሽ ይፈርሳል።»

«ቤቴን እወዳለሁ። የልጆቼንም አባት እወዳለሁ። ግን ሰጥቼ አልሰጠሁም አልልም። እህል የተዉበት ሴቶች አሉ ብለውኛል፤ እኔ አንድ ውሸት እንኳ መተው ያቅተኛል?»

ስለ የትኞቹ ሴቶች እንደምታወራ ከእኔ በቀር የገባው አልነበረም።  እማማ ሎሚ ብቻ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መቱ። እኔ መሬቱን አየሁ። ያ የግድግዳ ወሬ፣ መጨረሻው ሳሙና የተለጠፈበት ወሬ፣ እዚህ ቆላ ወርዶ የሰው ቤት ሊያፈርስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እውነት መሆኑን እንኳ አላረጋገጥኩም። ጋዜጣ ነው።

 ሸሁ ፊታቸውን ወደ ይመር አዞሩ።

«የመሐላ ነገር የሚታየው በማለው ሰው ኒያ ነው» አሉ፤ ኒያ ማለት ሰው በልቡ ያሰበው ነው። «አንተ ስትምል ድምፅ ያልከው የትኛውን ነው? ወረቀቱን አስበህ ከሆነ እሷ ሰጥታለች፣ ጠላቁ ወድቋል። የአፏን ጩኸት አስበህ ከሆነ ከአፏ የወጣ የለም፣ ኒካው አለ። አላህን ፈርተህ ተናገር።»

መልሱ ቀላል ይመስላል። ለይመር ግን ቀላል አልነበረም። ምርጫ ምን እንደሆነ ለመንደሩ ሲያስረዳ የከረመው እሱ ነው። ጩኸት መስሎኝ ነው ካለ ምንም እንደማያውቅ ይታወቅበታል። ወረቀቱን ነው ካለ ግን አዋቂነቱ ይተርፋል፣ ሚስቱ ትሄዳለች። ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ሰዉ ይጠብቃል። እኔ የእሱን እግር ነው የማየው፤ በጫማው ጫፍ አንዲት ጠጠር እየገፋ ይመልሳል።

በመጨረሻ ራሱን ሳያነሣ ተናገረ።

«በሬ የጠፋበት ሰው ገበያ ላይ እንደሚያስለፍፈው... ከድንጋይ ላይ አቁመው ስም የሚያስጮኹ መስሎኝ ነው።»

 ከዚያ እማማ ሎሚ፣ «አይ ይመር፣ ሚስትህ በሬ ጠፋባት?» አሉ፤ ቁርቁራው እስኪንቀጠቀጥ ተሳቀ። ይመርም ራሱ መሳቅ ሲጀምር ፊቱ እርጥብ ነበር። ላብ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ሙቀት ነበር።

ሸሁ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ኒካው አልተነካም» አሉ። ግን በችኮላ የማለ ሰው ነውና ሚስኪኖችን እንዲያበላ አዘዙት። አቶ ደምሴም የዘይነባን ስም ሳይሰርዙ መዝገቡን ዘጉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፣ ለእኔም ግልጽ ይሆንልኝ ነበር።

ሰዉ መበተን ሲጀምር አንዱ በራሱ ግምት ይመርን ትከሻውን እየመታ፣ ሚስትህማ ሞክሼህን ነው የመረጠችው፣ ስምህን ሳትጠራ መረጠችህ አለው። ይመር ይህን ሲሰማ ደረቱ ተመለሰለት። ወደ እኔ መጥቶ እውነት ነው ወይ አለኝ፣ ምስጢር ነው አልኩት። ምስጢር መሆኑን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁህ ብሎ እየሳቀ ሄደ።

በዚያች ቅጽበት የመኪናዋ ሞተር ተነሣ። ዞር ብዬ አየኋት። የቆመችው ቁርቁራው አጠገብ ነው፤ ጠዋት ይመር ከቆመበት ቦታ በስተጀርባው፣ ልክ በስተጀርባው። በሰሌኑ ቀዳዳ ሳይ ሰውየውን ነበር ያየሁት፤ ከኋላው ያለውን ቀይ ነገር አላየሁትም፣ ወይም አይቼ አላሰብኩትም። ጣቷ ወደዚያ ነበር። የእኔም ጣት ወደዚያው ነበር። «እሱን?» ነው ያልኳት። እሱን ማለት ሰውየውን ሊሆን ይችላል። ባለ መኪናውንም ሊሆን ይችላል።

እማማ ሎሚ ከአጠገቤ ቆመው መኪናዋን በእጃቸው ሲሸኙ፣ ያለጥያቄ አወሩኝ። ይቺ መኪና ባትኖር ዘይነባ ዛሬ የለችም አሉኝ። በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ጊዜ ሁለት ሌሊት አምጣ፣ ሰው ተስፋ ከቆረጠ በኋላ አቶ ታደለ በመኪናው ጭኖ ወደ ደጋ፣ ወደ ሐኪም አወጣት። «ልጁም እሷም ተረፉ። ውለታ ነው» አሉ።

 

ዘይነባ ከሴቶቹ ጋር ልትሄድ ስትል በአጠገቤ አለፈች። ቆም አለች። ባሏ ጥቂት ራቅ ብሎ ይጠብቃታል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«ወንድሜ፣ እንዳሳየሁህ ነው የጻፍከው፣ አይደል?»

ሳጥኑ ታሽጓል። የማልኩትም መሐላ አለ። እኔ ግን ያን ጊዜ የመሐላውን ነገር አላሰብኩም፤ ፊቷን ነው ያየሁት፤ በዚያ ቀን ካየኋቸው ፊቶች ሁሉ እፎይታ ያለበት ፊት እሱ ብቻ ነበር። ጭንቅላቴን ከፍ ዝቅ አደረግሁ። እሷም እንደዚያው አድርጋልኝ ባሏን ተከትላ ሄደች።

በዚያ ጣቢያ ግራዝማች ይመር አሸነፉ። በአንድ ወረቀት ልዩነት አልነበረም፣ በሰፊው ነው። ስለዚህ ለቆጣሪው የዘይነባ ወረቀት የለወጠው ነገር የለም። እኔ ግን ቆጣሪ አይደለሁም።

ወደ ሆቴሉ ስመለስ ያን የሳሙና ማስታወቂያ በውኃ አርጥቤ ላጥኩት። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ከሳሙናው ጀርባ ጋር ተጣብቆ አብሮ ተላጠ። ባለቤቷ ግድግዳዬን አበላሸህ ብላ ተቆጣችኝ። በተቦጨቀው ወረቀት ላይ ካነበብኳቸው ጥቂት ቃላት አንዱ «ተፈቀደላቸው» ይላል። ምን እንደተፈቀደላቸው ግን የለም። ድምፁ ይሁን፣ ከእስር መውጣቱ ይሁን፣ እንጃ። ከጊዜ በኋላ አዋቂዎች ድምፁን አግኝተዋል አሉኝ። ለዘይነባ ልነግራት ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ብነግራት ግን «አግኝተው ምን አደረጉበት?» ብላ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ከዚያ ቀጥሎም ስለ ራሷ ወረቀት እንዳትጠይቀኝ ፈራሁ።

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ሰዎች ዘገምተኛ ነው ብለው ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው። አንዲት ሴት መጥታ «እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» ስትለኝ ጽፌ አነብላታለሁ። «ይህን ነው ያልሽው?» እላታለሁ። አዎ ስትለኝ ደግሜ አነብላታለሁ። አንዳንዶቹ ወንዶች፣ እሷ የምትለውን እኔ አውቃለሁ፣ ምን ታደክማታለህ ይሉኛል። እኔም አንድ ጊዜ አውቃለሁ ብዬ ነበር እላቸዋለሁ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ያቺ ሴት ድምፅ ሰጥታለች ትላላችሁ? እሷ ሰጥቻለሁ ብላለች፣ ሸሁም ድምፁንም ትዳሩንም አቁመውላታል፣ ባሏም እሷን ላለማጣት አፍሯል፣ የአቶ ደምሴም መዝገብ አለ። ቤቷን ለአደጋ የሰጠችበት ያ ወረቀት ግን ውስጡ ያለው የእሷ ቃል ይሁን የእኔ ግምት፣ ይህን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። አንዳንድ ቀን ባሏን ነው ያሳየችኝ እላለሁ፤ ስትሄድ እንዴት እንደተከተለችው ትዝ ይለኛል። አንዳንድ ቀን ቀዩ መኪና ነው እላለሁ።

እሷ ጭንቅላቷን ነቀነቀችልኝ፣ እኔም ነቀነቅኩላት። ሁለታችንም ድምፅ አላወጣንም። ማን ለማን ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።